«ካፒቴን» ማን ነው? በባሕር ላይ ብዙ ሰዎች የሚጠሩበት ቃል

«ካፒቴን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻው «ራስ» የሚል ፍቺ ያለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። በአማርኛ አንድ ቋሚ አቻ የለውም። የእግር ኳስ ቡድኑ መሪ አምበል፣ የምድር ጦሩ መኮንን ሻምበል ይባላል፤ ለአውሮፕላን አብራሪው ደግሞ ቃሉ እንዳለ ተወስዷል። በባሕር ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። እዚያ «ካፒቴን» ማዕረግም፣ የሥራ ድርሻም፣ የአክብሮት መጠሪያም ነው፤ አንዳንዴም ለእስር የሚዳርግ ክስ ይሆናል።

በአሜሪካና በብሪታንያ ባሕር ኃይሎች ካፒቴን ከፍተኛ ማዕረግ ነው፤ በምድር ጦር ካለው ኮሎኔል ጋር ይስተካከላል። የምድር ጦሩ ካፒቴን አቻ ደግሞ በባሕር ኃይል ሌተናንት የሚባለው መኮንን ነው። ስለዚህ የባሕር ኃይሉን ካፒቴን «ሻምበል» ብሎ የሚተረጉም ሰው መኮንኑን ሦስት ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል። በትርጉም ሥራ ላይ በቀላሉ የሚፈጸም ስህተት ነው።

ይህም ሆኖ አንድን የጦር መርከብ የሚያዝ መኮንን ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን በመርከቡ ላይ «ካፒቴን» ተብሎ ይጠራል። የአሜሪካ አጥፊ መርከቦችን በአብዛኛው የሚመሩት ከካፒቴን አንድ ደረጃ ዝቅ ያሉ ኮማንደሮች ናቸው፤ መርከበኞቻቸው ግን ካፒቴን ይሏቸዋል። ልማዱ የቆየ ነው። ዓለም «ካፒቴን ኩክ» እያለ የሚያውቀው ጄምስ ኩክ እ.አ.አ. በ1768 «ኢንደቨር» በተባለችው መርከብ ከእንግሊዝ ሲነሳ ማዕረጉ ሌተናንት ነበር። በ1770 የአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሲደርስም እንደዚያው ነበር። የካፒቴንነት ማዕረግ ያገኘው በ1775፣ ሁለተኛውን ታላቅ ጉዞውን ፈጽሞ ከተመለሰ በኋላ ነው።

በንግድ መርከቦች ዘንድ ሕጉ የሚጠቀምበት ቃል ሌላ ነው። «ማስተር» ይለዋል፤ ከሁለተኛ ዲግሪ ጋር ግን ግንኙነት የለውም። ማስተር ማለት መርከቡን በበላይነት የሚያዝ፣ ለዚህም የብቃት ማረጋገጫ የተሰጠው ባለሙያ ነው። ካፒቴን የሚለው እዚህ የመከበሪያ ስም ብቻ ነው፤ ሥልጣኑ ግን ከባድ ነው። በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነትን የሚመለከተው የ1974ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ማስተሩ ለሰው ሕይወት ደኅንነት አስፈላጊ ነው ብሎ የሚወስደውን ውሳኔ የመርከቡ ባለቤትም ሆነ ተከራዩ እንዳያግደው ይደነግጋል። በአደጋ ላይ ያሉ ሰዎች መኖራቸውን የሰማ ማስተርም፣ መርዳት እስከቻለ ድረስ፣ ዜግነታቸውንም ሆነ ሕጋዊ ሁኔታቸውን ሳይለይ ፈጥኖ ሊደርስላቸው ይገባል።

ቃሉ እጅግ አደገኛ የሚሆነው ግን ማዕረግም ፈቃድም በሌለበት ጀልባ ላይ ነው። በሜዲትራኒያን ስደተኞችን ለማሻገር ገንዘብ የተቀበለው ደላላ ብዙ ጊዜ ከባሕሩ ዳርቻ አያልፍም። የሞተሩን እጀታ የሚይዘው ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ይሆናል፤ ባሕር የሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ፣ የሚከፍለው ያጣ፣ ወይም በዛቻ የተገደደ ሰው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እሱም «ካፒቴን» ነው፤ ጀልባዋ ጣሊያን ስትደርስ ፖሊስ አስቀድሞ የሚፈልገውም እሱን ነው። የማቴዮ ጋሮኔ የ2023 ፊልም «እኔ ካፒቴን» ይህንኑ ይተርካል፦ ጀልባ ነድቶ የማያውቅ ሴኔጋላዊ ወጣት ከሊቢያ የተነሳች መርከብ እንዲመራ ይገደዳል።

ቅጣቱ ቀላል አይደለም። በየካቲት 2023 በካላብሪያ በኩትሮ ዳርቻ አንዲት ጀልባ ተሰባብራ ከ90 በላይ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የጣሊያን መንግሥት ባወጣው ድንጋጌ፣ በሕገወጥ መንገድ ሰዎችን በማጓጓዝ ከአንድ በላይ ሰው ለሞት የዳረገ ከ20 እስከ 30 ዓመት እስር ይጠብቀዋል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2000 ያጸደቀው ፕሮቶኮል ስደተኞችን ማሸጋገርን ወንጀል የሚለው፣ አሸጋጋሪው በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ገንዘብ ወይም ሌላ ቁሳዊ ጥቅም ለማግኘት ሲል ከፈጸመው ነው። በጣሊያን ሕግ ግን ጥቅም ማግኘት ቅጣቱን ያከብዳል እንጂ ለጥፋተኝነት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። በመሆኑም እጀታውን የያዘው ሰው ከደላላው ምንም ሳይቀበል፣ ራሱም እንደሌሎቹ ከፍሎ የተሳፈረ ቢሆን እንኳ ሊከሰስ ይችላል፤ ተገድዶ እንደነበር ማስረዳትም ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ይወድቃል።