ገብቶት ነው ወይስ ገምቶ? የተማሪን እውቀት የሚያሰላው ሞዴል

አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ላይ ምንም ሳታውቁ ዝም ብላችሁ «ሐ»ን ብታጠቁሩ፣ የማግኘት ዕድላችሁ 25 በመቶ ነው። ያልሞከረው የለም መቼም። አራሚው ግን የሚያየው ልክ መሆኑን እንጂ ገብቷችሁ ይሁን ገምታችሁ አያውቅም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አልበርት ኮርቤት እና ጆን አንደርሰን የተባሉ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚህ ችግር አንድ ሞዴል ይዘው መጡ፦ «ቤይዚያን ኖውሌጅ ትሬሲንግ»። መጀመሪያ የተሠራው በኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ለሚማሩ ተማሪዎች ነበር።

የሚሠራው በአራት ቁጥሮች ነው፦ ተማሪው ከመጀመሪያው የማወቁ ዕድል፣ እየሠራ የመማሩ ዕድል፣ ሳያውቅ ገምቶ የማግኘቱ ዕድል፣ እና እያወቀ የመሳሳቱ ዕድል።

በምሳሌ እንየው። 100 ተማሪ አለ እንበል፤ 40ው ትምህርቱ ገብቷቸዋል፣ 60ው አልገባቸውም። ከሚያውቁት ከአሥሩ አንዱ በጥድፊያ ቢሳሳት 36ቱ ልክ ይሆናሉ። ከማያውቁት ደግሞ 15ቱ በግምት ያገኙታል። በድምሩ 51 ልክ መልስ አለ ማለት ነው፤ የእውነት የገባቸው ግን 36ቱ ናቸው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ሲመልስ «ያውቃል» የሚለው ግምት ከ40 ወደ 71 በመቶ ገደማ ይወጣል። ከተሳሳተ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። ጥያቄው እውነት/ሐሰት ቢሆን ኖሮ፣ ያው ልክ መልስ የሚያደርሰው 55 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር።

ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ በመሥራቱ የተማረው ታክሎበት ስሌቱ ይቀጥላል። 95 በመቶ ሲደርስ «በቃ ገብቶታል» ተብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

እንከን አለው። የመጀመሪያው ሞዴል አንዴ የገባ ነገር አይረሳም ብሎ ነው የሚያስበው (ከክረምት በኋላ ክፍል የገባ ሰው ይስቃል)። መርሳትን የጨመሩ ሞዴሎች በኋላ መጥተዋል። በ2015 ደግሞ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በዲፕ ለርኒንግ የሚሠራ አቀረቡ። ችግሩ፣ ተማሪው «ለምን አላሳለፈኝም?» ቢል መልሱ ከዚያ ውስጥ በቀላሉ አይወጣም። የድሮው ቢያንስ አራቱን ቁጥሮች ያሳያችኋል፤ በዚህ እኔ የድሮውን እመርጣለሁ።

ሁለቱም ግን የሚያዩት ልክ ወይም ስህተት የሚለውን ነው። ሂሳቡን እየቻለ የጥያቄው እንግሊዝኛ ያልገባው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቢሳሳት፣ የሚቀነስበት ከሂሳብ እውቀቱ ነው።