ቦቴው በባቲ በኩል ሲመጣ

ስለ ነዳጅ ዋጋ ሲነሣ ወሬው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዐረብ አገር ነው። እኛ ግን ከኮምቦልቻ ብንጀምር እንመርጣለን። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ በ1959 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ቤንዚኑና ናፍጣው በቦቴ ተጭኖ በሚሌና በባቲ እያለፈ ኮምቦልቻ ላይ ከአዲስ አበባ-አስመራ ጎዳና ጋር ይገናኝ ነበር። ከዚያ ወደ ደሴ ሽቅብ ነው። ጨውም፣ ስኳርም፣ ላምባም ያን ዳገት የሚወጣው በናፍጣ ነው። ስለዚህ የናፍጣ ዋጋ ደሴ ላይ የማደያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበያም፣ የጓዳም ጉዳይ ነው።

መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. የዐረብና የእስራኤል ጦርነት ሲነሣ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ 3 ዶላር ገደማ ነበር። በጥር 12 ዶላር ተጠጋ። መንግሥትም በየካቲት የቤንዚንን ዋጋ በ50 በመቶ ሰቀለው። የካቲት 11 የአዲስ አበባ ታክሲዎች አድማ መቱ፣ መምህራንም እንዲሁ። የካቲት 16 ጃንሆይ ጭማሪው እንዲቀነስ አዘዙ፤ ተማሪውና መምህሩ የተቃወሙት የትምህርት ሴክተር ሪቪውም ይቆይ ተባለ። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ይህን ሁላችንም ተምረነዋል። ታዲያ ያልተማርነው ምንድን ነው? በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ቀዬውን ጥሎ የወጣው ወደዚያው ጎዳና ነበር። ቦቴው ያልፍ የነበረው በረሃብተኛው ሰልፍ አጠገብ ነው። ረሃቡ ለወራት ሲደበቅ ከረመ፤ የቤንዚኑ አቤቱታ ግን በ5 ቀን መልስ አገኘ። ባለታክሲው አጠፋ ማለታችን አይደለም፣ መብቱን ነው የጠየቀ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ባለታክሲ መኪናውን ሲያቆም ከተማው ይቆማል፣ ጭሰኛው ሞፈሩን ሲሰቅል ግን ቤተ መንግሥት ድረስ የሚሰማ ድምፅ አልነበረውም።

በደርግ ዘመን ነዳጅ በኩፖን የተሰፈረበት ጊዜ ነበር። ምትኩን እናቶቻችን ያለ መመሪያ ያውቁታል፦ ኩበት፣ ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ኩበቱ ምድጃ ሲገባ ማሳው ፍግ ያጣል። ይህም የነዳጅ ዋጋ ነው፣ ማንም በደረሰኝ ባይጽፈውም።

መንግሥት የባዮፊውል ስትራቴጂ ያወጣው በፈረንጆች 2007 ነው። በ2001 ዓ.ም. የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል 5 በመቶ እየሆነ ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር ይቀላቀል ጀመር፤ በ2003 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ሞላሰሱ ከሚደፋ ይሄ ይሻላል። ግን ኤታኖሉ የሚገባው ቤንዚን ውስጥ ነው፤ የባቲን ዳገት የሚወጣው ተሳቢ የሚጠጣው ናፍጣ ነው!

ለናፍጣው የታሰበው ጃትሮፋ፣ ማለትም አይደርቄ ነበር። ባቲ አካባቢ ለአጥር የሚታወቅ ተክል ነው፣ ከብትም አይበላውም። ጠፍ መሬት ላይ ይበቅላል ተብሎ በብዙ ተወራለት። እውነት ነው፣ በድርቅ አይሞትም። ያለ ውሃ ግን ፍሬው እፍኝ አይሞላም፤ አለመድረቅና ማፍራት ለየቅል ናቸው። «ጠፍ» የተባለው መሬትም ቢሆን ፍየልና ግመል የሚሰማራበት ነው። ደግሞ በዚያው በፈረንጆች 2008 በሐምሌ 147 ዶላር የደረሰው በርሜል፣ በታኅሣሥ ከ40 በታች ወረደ። የፍሬው ሒሳብ የተሠራው በውዱ በርሜል ነበር፤ ዋጋው ሲወርድ ሒሳቡም አብሮ ወረደ።

በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ታገደ። ለነዳጅ በዓመት 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይወጣል ነበር ምክንያቱ። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሆኖም እገዳው አስቀድሞ የነካው አውቶሞቢሉን ነው፣ እህል የሚጭነውን አይደለም።

በእኛ ግምት ለደሴና ለኮምቦልቻ ትክክለኛው ምትክ ነዳጅ ባቡሩ ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መስመር፣ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የሚነዳውም በኤሌክትሪክ እንዲሆን ነው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ተነጥፎ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲጠብቅ ጦርነቱ ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ሁለቱ ከተሞች ሲያዙ የፕሮጀክቱም ንብረት ተዘረፈ። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ በዚያ ሐዲድ መደበኛ የጭነት አገልግሎት አልተጀመረም ነበር። ቦቴው ግን ከ1990ው ጦርነት ወዲህ መነሻውን ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ለውጦ፣ በሚሌ በኩል መምጣቱን ቀጠለ።