የአውራ ጎዳናው ጩኸትና የትምህርት ቤቱ ጸጥታ

በሰሜን ሸዋ የትምህርት ታሪክ የሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በቈረቈሩት ደብረ ብርሃንም ሆነ የሸዋ ነገሥታት መዲና በነበረችው አንኮበር፣ የኔታ የሚያስተምሩት ከገበያው ሁካታ ራቅ ብለው በደብሩ አጸድ ሥር ነበር። ትምህርቱ በአብዛኛው የቃል ስለ ነበረ ጆሮ ከብራና ያላነሰ የዕውቀት በር ነበር። ተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ዳዊት ቢደግም፣ ያ ድምፅ ትምህርቱ ራሱ እንጂ የትምህርት እንቅፋት አልነበረም።

ይህን ሥርዓት የለወጠው የመኪና መንገድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ ካዛወሩና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ አንኮበር እየተዳከመች ሄደች። በፋሺስት ወረራ ዘመን (1928-1933 ዓ.ም.) ኢጣሊያኖች ጣርማ በርን በዋሻ በስተው የደሴን መንገድ ሲሠሩ፣ ጎዳናው በደብረ ብርሃን አለፈ፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አንኮበር ግን ከአውራው መንገድ ውጭ ቀረች። ደብረ ብርሃን በጎዳናው ግራና ቀኝ ተዘረጋች። ከነጻነት በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋም መምህሩ፣ መጽሐፉና የግንባታው ዕቃ የሚመጡት በመኪና ስለ ነበር፣ ትምህርት ቤትን ከመንገድ ዳር መሥራት እንደ ጥቅም ይቈጠር ነበር።

ይህ ጥቅም ያለ ዋጋ አልተገኘም። የጭነት መኪና ሲያጓራ ወይም ጡሩምባ ሲጮኽ መምህሩ ንግግሩን ያቋርጣል፤ አለዚያም ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮኻል። ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ የቃሉን እኩሌታ ብቻ ይሰማል። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታወቅም፤ እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ።

የውጭ አገር ጥናቶችም ይህንኑ ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 አርሊን ብሮንዛፍትና ባልደረባዋ በኒው ዮርክ ባደረጉት ጥናት፣ በባቡር ሐዲድ በኩል ባሉት ክፍሎች የሚማሩ ልጆች በንባብ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ሐዲዱ በላስቲክ፣ ክፍሎቹም ድምፅ በሚውጥ ጣሪያ ከተሻሻሉ በኋላ በ1981 ሲታይ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። በ2022 በታተመው የባርሴሎና ጥናት ደግሞ፣ በ38 ትምህርት ቤቶች ከ2,600 በላይ ልጆች ተመርምረው፣ የተሽከርካሪ ድምፅ በበዛባቸው ዘንድ የማስታወስ ችሎታ ዕድገት ዝግ ብሎ ታይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ለመማሪያ ክፍል ያመለከተው የድምፅ ወሰን 35 ዴሲቤል ነው።

በአገራችንም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ጋር ይመለከተዋል። ሆኖም አዋጅ ብቻውን ክፍሉን ጸጥ አያሰኘውም። አዲስ ትምህርት ቤት ሲታቀድ መንገዱ እንዲያደርስ እንጂ እንዳይጮኽበት ርቀቱ ይለካ። ቀድሞ በተሠራውም ቢሮውና መጋዘኑ ወደ ጎዳናው፣ መማሪያ ክፍሎቹ ወደ ግቢው ውስጥ ይዙሩ፤ በመንገዱም በኩል አጥር ግንብ ይታነጽ። የኔታ ቦታ ሲመርጡ ያስቡት የነበረውን፣ የዛሬው መሐንዲስና ርእሰ መምህር ከፕላኑ ላይ ሊያሰፍሩት ይገባል።