የከተማ ሥራ ባለቤቱ ማን ነው?
ሎንዶን ከቴምዝ ወንዝ ያገኘችው ትምህርት



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው የታላቅ ከተማ መሥሪያ ቤቶች በምን ምክንያት እንደ ተቋቋሙና የሥራ ድርሻቸውም ምን እንደ ሆነ ነው። የከተማ ሰው የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣለት፣ የደፋውም እጣቢ ወዴት እንደሚሄድለት ዘወትር አያስብም። ቧንቧው በወረደ ቀን ማዘጋጃ ቤቱን የሚያመሰግን የለም፤ የማዘጋጃ ቤቱ ስም የሚነሣው ውሃው የጠፋ ዕለት ነው። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋጋ የሚታወቀው ሥራው ባለቤት ያልነበረውን ዘመን መለስ ብሎ በማየት ነውና፣ የእንግሊዝን ዋና ከተማ የሎንዶንን ታሪክ ለምሳሌ መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1801 ዓ.ም. የሎንዶን ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህል ነበረ። በ1851 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ግን ከ2 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡ በዚህ ፍጥነት ሲበዛ አስተዳደሩ በጥንቱ ልማድ ቀረ። ሲቲ የሚባለው ጥንታዊው ክፍል የራሱ ከንቲባና ሸንጎ ነበረው፤ ስፋቱ ግን አንድ ካሬ ማይል ያህል ብቻ ነው። የቀረው ከተማ 300 ለሚሆኑ የአጥቢያ ሸንጎዎችና ልዩ ልዩ ኮሚሽኖች ተከፋፍሎ ነበር። አንዱ መንገድ ያነጥፋል፣ ሌላው ፋኖስ ያበራል፣ ሌላው ጥርጊያ ያስጠርጋል፤ አንዱን ጎዳና እንኳ ቀኙን አንዱ፣ ግራውን ሌላው የሚያስተዳድርበት ስፍራ ነበረ። ውሃውን ደግሞ የግል ኩባንያዎች ይሸጡ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሚቀዱት እዚያው በከተማው መካከል ከሚያልፈው ከቴምዝ ወንዝ ነው። ከራስ በላይ ነፋስ እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ የራሱን ወሰን ካጸዳ በኋላ ቆሻሻው ከወሰኑ ባሻገር በማን ላይ እንደሚወርድ አይጠይቅም ነበር።

በ1848 ዓ.ም. ይህን ለማሻሻል አንድ የፍሳሽ ኮሚሽን ተቋቋመ። የዚያን ዘመን ሊቃውንት አብዛኞቹ በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ኮሚሽኑም በየቤቱ ሥር የነበሩት የእዳሪ ጉድጓዶች እየተደፈኑ የየቤቱ ፍሳሽ ወደ ከተማው ቦይ እንዲገባ አዘዘ፤ በስድስት ዓመት ውስጥም 30 ሺህ ያህል ጉድጓድ ተደፈነ። ሹማምንቱ በእውነት ትጉሃን ነበሩ። ነገር ግን ቦዮቹ ሁሉ የሚፈስሱት ወደ ቴምዝ ነው፤ ቴምዝም የሕዝቡ መጠጥ ነው። ስለዚህ ከቤት የወጣው እዳሪ በውሃ ሻጮቹ ቧንቧ ወደ ቤት ተመለሰ። በ1848ና በ1849 ዓ.ም. የገባው የኮሌራ ወረርሽኝ በሎንዶን 14 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ፤ በ1853ና በ1854 ዓ.ም. የተመለሰው ደግሞ ከ10 ሺህ በላይ ገደለ።

በዚሁ በ1854 ዓ.ም. በነሐሴ መጨረሻ በሶሆ ሰፈር፣ ብሮድ በሚባለው ጎዳና አካባቢ፣ በዐሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን ቤት እየዞረ ከየት ይጠጡ እንደ ነበር ጠየቀና፣ አብዛኞቹ ከአንድ የጎዳና ፓምፕ የሚቀዱ ሆነው አገኛቸው። ማስረጃውንም ለአጥቢያው ሹማምንት አቀረበ። እነርሱም ነገሩን ባያምኑበትም የፓምፑን እጀታ አስነቀሉ። ወረርሽኙ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው እየተባለ ይተረካል፤ እውነቱ ግን በሽታው ቀድሞ መቀነስ ጀምሮ ነበር። በኋላ ሲመረመር ከፓምፑ አጠገብ ካለ ቤት የእዳሪው ጉድጓድ ግድግዳ ፈርሶ ወደ ውሃው ይሠርግ እንደ ነበረ ታወቀ። እንግዲህ አንድ አጥቢያ የአንዱን ፓምፕ እጀታ ለመንቀል ሥልጣን ነበረው፤ ወንዙን ለማጽዳት ግን ሥልጣን የነበረው ማንም አልነበረም።

በ1855 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ለከተማው ሁሉ የሚሠራ አንድ የሥራዎች ቦርድ ተቋቋመ፤ ዋና መሐንዲሱም ጆሴፍ ባዛልጄት ሆነ። የባዛልጄት ዕቅድ ከወንዙ ትይዩ ታላላቅ ቦዮች ሠርቶ፣ ፍሳሹን ወንዙ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ተቀብሎ ከከተማው በስተ ምሥራቅ ወስዶ ማፍሰስ ነበር። ነገር ግን ዕቅዱን የሚያጸድቀው ሌላ የመንግሥት ሹም ስለ ነበረ፣ ፍሳሹ የት ይጣል፣ ገንዘቡንስ ማን ይክፈል በሚል ክርክር ከሁለት ዓመት በላይ በደብዳቤ መመላለስ አለቀ።

በ1858 ዓ.ም. በጋው እጅግ ሞቃት ሆነና የወንዙ ግማት በዳርቻው ካለው ፓርላማ ገባ። መጋረጃዎቹ በኖራ መድኃኒት ቢነከሩም እንደራሴዎቹ ሊቀመጡ አልቻሉም። በሐምሌ 15 ቀን የገንዘብ ሚኒስትሩ ዲዝራኤሊ ያቀረበው ረቂቅ በ18 ቀን ውስጥ ሕግ ሆነ። ቦርዱ ዕቅዱን በራሱ ሥልጣን እንዲፈጽም፣ 3 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲበደርና ዕዳውንም በ40 ዓመት ከከተማው ግብር እንዲከፍል ተፈቀደለት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የሎንዶን ሹማምንት ግን ቅጠሉን ያነሡት እሳቱ ወደ ራሳቸው ወንበር በደረሰ ጊዜ ነው።

ሥራው ከዚያ በኋላ ገሠገሠ። ከ318 ሚሊዮን በሚበልጥ ጡብ 82 ማይል ታላቅ ቦይ ተሠራ፤ የሚገባውም ሲሚንቶ ጥንካሬው እየተፈተነ ነበር። በ1865 ዓ.ም. ሥራው በክብር ተመረቀ። በ1866 ዓ.ም. ኮሌራ ተመልሶ ሲመጣ እጅግ የጐዳው ቦዩ ገና ያልተፈጸመለትንና ንጹሕ ያልሆነ ውሃ የሚቀርብለትን የምሥራቁን ክፍል ነው፤ የቀረው ከተማ በብዙው ተረፈ።

ይሁን እንጂ ቦርዱ ነውር አልነበረበትም ማለት አይደለም። ፍሳሹ ከከተማው ቢርቅም ያው ወንዝ ውስጥ ይገባ ነበር። በ1878 ዓ.ም. ፕሪንሰስ አሊስ የተባለች መርከብ በዚያው አቅራቢያ ተጋጭታ ከ600 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ የውሃው መበከል ታላቅ ክርክር አስነሣ፤ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮም ዝቃጩ ተለይቶ በመርከብ ወደ ባሕር ይወሰድ ጀመር። ደግሞም የቦርዱን አባላት የሚመርጧቸው የአጥቢያ ሸንጎዎች እንጂ ሕዝቡ ራሱ አልነበረም፤ በ1888 ዓ.ም. በተደረገው ምርመራ በሠራተኞቹ መካከል ጉቦ መኖሩ ተገለጠ። በዓመቱ ቦርዱ ፈርሶ፣ ግብር ከፋዩ በቀጥታ የሚመርጠው የሎንዶን አውራጃ ምክር ቤት ተተካ። ውሃውም በ1904 ዓ.ም. ከኩባንያዎቹ እጅ ወጥቶ ለሕዝብ መሥሪያ ቤት ተሰጠ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። የመሥሪያ ቤት ሥልጣን ከችግሩ ስፋት ጋራ ካልተመዛዘነ የሠራተኛው ትጋት ብቻውን አይበቃም፤ እንዲያውም የኮሚሽኑ ትጋት እንዳደረገው ጉዳቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። ሥልጣንና ገንዘብ ተሰጥቶትም ተጠያቂነት ከሌለው መልካሙ ሥራ በነውር ይጠፋል። ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ከእንጦጦ የሚወርደው የቀበና ውሃ የአንዱ ክፍል ወሰን አልቆ የሌላው ሲጀምር አይቆምም፤ እስከ አቃቂ ድረስ ከላይ የተጣለበትን ይዞ ለታች ነዋሪ ያደርሳል።

የባዛልጄት ቦዮች ዛሬም ይሠራሉ። ነገር ግን ሕዝቡ ስለ በዛ በዝናም ጊዜ እየሞሉ ወደ ወንዙ ይፈስሱ ስለ ነበር፣ 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አዲስ የምድር ውስጥ ቦይ ተሠርቶ በ2025 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ። የከተማ ሥራ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚዘጋ መዝገብ አይደለምና፣ በየወንበሩ የተቀመጠ ሁሉ ደብዳቤውን ወደ ሚቀጥለው ክፍል ከመምራቱ በፊት ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ቢመለከት መልካም ነው።