የጠላቂዎች ትምህርትና የገበያው ግፊት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ቤንዚን በጠፋባት ፓሪስ፣ ኤሚል ጋኛን የተባለ መሐንዲስ አውቶሞቢሎች በጋዝ እንዲሠሩ የሚያስችል ቫልቭ አዘጋጅቶ ነበር። የፈረንሳይ ባሕር ኀይል መኰንን የነበረው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ቫልቩ ለውሃ ውስጥ መተንፈሻ እንዲውል ጠየቀው፤ በ1943 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) «አኳ ላንግ» የተሰኘው መሣሪያ ተፈተነ። ከዚያ በኋላ ጠላቂ የተጨመቀ አየር በጀርባው ተሸክሞ፣ ከመርከብ በሚወርድ ቱቦ ሳይታሰር እንደ ልቡ ለመዋኘት ቻለ።

የመሣሪያው ብልኀት አየሩን ምንጊዜም ከአካባቢው የውሃ ግፊት ጋር አስተካክሎ ማቅረቡ ነው። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት በውሃው ገጽ ካለው እጥፍ ይሆናል፤ አንድ ሰው በዚያ ጥልቀት ሳንባውን ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ፣ የያዘው አየር እጥፍ ቦታ ስለሚፈልግ ሳንባውን ሊቀድደው ይችላል። ይህን የመሰለው ጉዳት ከሁለት ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት እንኳ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ጠላቂው ከታች ሳለ የሚያስጠነቅቀው ስሜት የለም፤ ትንፋሹ በወንበር ላይ የተቀመጠ ያህል ይቀልለዋል። መሣሪያው ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው ትምህርቱን ግድ ያደረገው። ለሻጩ ግን ያው ቅለት ዋነኛ ማስታወቂያው ነበር።

መሣሪያው በአሜሪካ መሸጥ በጀመረባቸው ዓመታት ገዢውን «የት ተማርክ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ሥርዓት ያለው ትምህርት ከተጀመረባቸው ስፍራዎች አንዱ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ነው፤ በዚያ ኮንራድ ሊምባው ተመራማሪዎችን ያሠለጥን ነበር። በ1954 አል ቲልማን፣ ቤቭ ሞርጋንና ራምሲ ፓርክስ ከእርሱ ዘንድ ተምረው ተመለሱና በሎስ አንጀለስ አውራጃ አስተዳደር ሥር ለሕዝብ የሚሰጥ ትምህርት አቋቋሙ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1953 የተመሠረተው ብሪቲሽ ሰብ-አኳ ክለብ ነባር አባላት አዲሶቹን ያለ ክፍያ የሚያስተምሩበትን ልማድ አጸና። በሁለቱም ዘንድ የመምህሩ ኑሮ በተማሪው ማለፍ ወይም መውደቅ ላይ የተመሠረተ አልነበረም። (ሊምባው ራሱ በ1960 በደቡብ ፈረንሳይ በአንድ የባሕር ዋሻ ውስጥ ሞተ። ሊቅነትም ከአደጋ አያድንም።)

በዚያው በ1960 ናዊ የተባለው የመምህራን ማኅበር በአሜሪካ ተቋቋመ። በ1965 ማኅበሩ በቺካጎ ሊሰጥ የታቀደውን ፕሮግራም ሰርዞ ፊቱን ወደ ካሊፎርኒያ ሲያዞር የቺካጎዎቹ ቅር ተሰኙ፤ በ1966 ጆን ክሮኒንና ራልፍ ኤሪክሰን ፓዲን መሠረቱ። ኤሪክሰን የዋና አሠልጣኝ ነበር። ክሮኒን ግን የዩ.ኤስ. ዳይቨርስ፣ ማለትም አኳ ላንግን በአሜሪካ የሚያቀርበው ኩባንያ፣ የሽያጭ ሠራተኛ ነበር፤ በኋላም የዚያው ኩባንያ መሪ ሆኗል። ትምህርቱ ከዕቃ መደብሩ ጋር የተቈራኘው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ረጅሙ ትምህርት በየደረጃው ተከፋፈለ፤ ለእያንዳንዱም ደረጃ የራሱ ክፍያና የራሱ ወረቀት ተዘጋጀለት። እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አይገባም። የጥንቱ ሥልጠና በባሕር ኀይል ልማድ የተቀረጸ፣ ተማሪን ማስጨነቅን እንደ ትምህርት የሚቈጥር ነበር። መሣሪያውም ተሻሽሏል። ቀድሞ ጠላቂው አየሩ ማለቁን የሚያውቀው መተንፈሱ ሲከብደው ነበር፤ ያን ጊዜ ዘንግ ስቦ መጠባበቂያውን ይከፍታል፤ ዘንጉ ሳያውቀው ተስቦ ከሆነ ግን መጠባበቂያ የለውም። የግፊት መለኪያው፣ ሁለተኛው የአፍ መተንፈሻና በአየር የሚሞላው ሰደርያ ሲስፋፉ ይህ ችግር በእጅጉ ቀለለ። ስለዚህ ከትምህርቱ ሰዓት የተወሰነው በአግባቡ ተቀንሷል ለማለት ይቻላል። ቅነሳው ግን መሣሪያው ባተረፈው ልክ አልቆመም። ዛሬ የመጀመሪያው ደረጃ በሦስትና በአራት ቀን የሚጠናቀቅ ነው፤ ይህም የሳንባንና የግፊትን ባሕርይ ተመልክቶ የተወሰነ ሳይሆን ከቱሪስት የዕረፍት ሳምንት ጋር የተስማማ ቀጠሮ ይመስለኛል።

በእኛ ሙያ ተቋራጩ የሠራውን ሥራ ራሱ ተቈጣጥሮ እንዲረከብ አንፈቅድለትም፤ ለዚህ አማካሪ መሐንዲስ አለ። በጠላቂዎች ትምህርት ግን የሚያስተምረው፣ የሚፈትነውና ወረቀቱን የሚያስገኘው አንድ ሰው ሲሆን፣ ወረቀቱን የሚያትመው ድርጅትም ገቢው በወረቀቱ ብዛት ያድጋል። ፓዲ በ2017 ሲሸጥ ዋጋው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር መድረሱ የሥራውን ስፋት ያሳያል። መንግሥት ጣልቃ የገባባቸው አገሮች ጥቂት ናቸው፤ እስራኤል በ1979 የስፖርት ጥለቃን የሚመለከት ሕግ አውጥታለች። በ2007 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 24801፣ ተማሪው ሊያውቀው የሚገባውን ይዘረዝራል፤ በባሕሩ ዳር ቆሞ ተማሪው በእርግጥ ማወቁን የሚያይለት ግን ያው መምህር ነው።

ጠላቂ ደጋግሞ ከጠለቀ በኋላ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቈይ ይመከራል፤ በደሙ የተሟሟው ናይትሮጂን መውጫ ጊዜ ይሻልና። እንግዲህ ነገ የሚሳፈር እንግዳ፣ ውሃ የገባበትን መነጽር ከታች ሆኖ ማጽዳት ሳይችል ዛሬ የመጨረሻው ጥለቃ ደረሰበት እንበል። አንድ ቀን መጨመር አይቻልም። ክፍያውም አስቀድሞ ተፈጽሟል፤ ጀልባዋ ተዘጋጅታለች፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ይጠብቃሉ። መምህሩ የሚወስነው በዚህ ሰዓት ነው።