የብራናው ቀዳዳና የዲስኬቱ ማውጫ

በሰሜን ሸዋ አድባራት የሚገኙ የቆዩ የብራና መጻሕፍትን ገልጦ ያየ ሰው ከቅጠሎቹ በአንዱ ላይ ቀዳዳ ማግኘቱ አይቀርም። ፍየሉ ወይም በጉ ሲገፈፍ የቢላ ጫፍ የነካት ትንሽ ቦታ፣ ቆዳው ተወጥሮ ሲፋቅ እየሰፋች ትሄዳለች። ቁም ጸሐፊው አንዳንዷን ሰፍቶ ይዘጋታል፤ ሌላዋን እንዳለች ትቶ መስመሩን ከወዲህና ከወዲያ ከፍሎ ይጽፋል። ቀዳዳው ከጽሕፈቱ በፊት የነበረ ነውና አንድም ፊደል አይጎድልም። የጥራዙ ክር ሲበጠስ የሚደርሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ደኅና ሆኖ ሳለ ቅጠሎቹ ይቀላቀላሉ፣ መጽሐፉም መነበቡ ይቀራል። ብዙ ጸሐፍት በየጥራዙ መጀመሪያ፣ ራስጌው ላይ፣ ተራውን በግዕዝ ቁጥር የሚያሰፍሩት ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ስትቆረቆርም ሆነ በኋላ አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ስትሆን፣ መጽሐፍ ሲጠበቅ የኖረው ሁለቱን ጉዳቶች ለይቶ በሚያውቅ ሙያ ነው። የድሮ ኮምፒውተሮቻችን ነገር ሲነሣ ግን ሁለቱ ተደባልቀው «ዲስኬቱ ተበላሸ» በሚል አንድ አነጋገር ይታለፋሉ። እኔ የምከራከረው፣ ጠፋ ከተባለው ፋይል አብዛኛው የጠፋው የዲስኩ ገላ ስለተጎዳ ሳይሆን ማውጫው ስለፈረሰና በላዩም የጥድፊያ ጥገና ስለተጨመረበት ነው ብዬ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ የዚህ ታሪክ ባለቤት የቤት ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የዲስኬቱን ማውጫ የሚያስቀምጠው መካከል ላይ፣ ከ35ቱ ትራኮች በ18ኛው ነበር። በእኛ አገር የቤት ኮምፒውተር ዘመን ነበረ ማለት ያስቸግራል። ማሽኑ የመጣው ለደመወዝ መክፈያ፣ ለስታትስቲክስ፣ ለምርምርና ለደብዳቤ፣ በቢሮ በኩል ነው፤ አብዛኛውም በኤምኤስ-ዶስ የሚሠራ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን መመርመር ያለብን በዶስ ዲስኬት ላይ ነው። 1.44 ሜጋባይት የሚባለው ዲስኬት 2,880 ሴክተሮች አሉት፤ እያንዳንዱ 512 ባይት ይይዛል። ከእነዚህ ውስጥ 33ቱ ብቻ ለሥርዓቱ የተለዩ ናቸው፤ አንዱ ማስነሻው፣ 18ቱ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው እንደሚቀጥል የሚነግረው ሠንጠረዥ ሁለት ቅጂዎች፣ 14ቱ ደግሞ የፋይሎቹ ስም ዝርዝር። አቧራ ወይም ጭረት በዕድል የሚወድቅ ቢሆን፣ ከ87 ጊዜ አንዴ ያህል ነው ማውጫውን የሚያገኘው። በቀረው ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ፋይል ጥቂት መስመር ነው። እንዲያውም ዶስ ፎርማት ሲያደርግ መጥፎ ሆኖ ያገኘውን ቦታ በሠንጠረዡ ላይ ምልክት አድርጎ ይዘለዋል፤ ቁም ጸሐፊው በቀዳዳው ያደረገውን ማለት ነው። እንግዲህ ዲስኬቱ በሞላ አልከፈት ሲል፣ ምክንያቱን ከገላው ጉዳት በፊት ከማውጫው መፈለግ ይገባል።

ሁለት ቅጂ አለ ተብሎ መጽናናትም አያዋጣም። ሁለተኛው ሠንጠረዥ የተቀመጠው ከመጀመሪያው ጎን ነው፤ ከአንዲት ሴክተር በቀር ሁለቱም በአንድ ገጽ በዜሮ ትራክ ላይ ናቸው። ያ ትራክ ደግሞ ማንኛውም ፋይል በተቀመጠ ቁጥር የማንበቢያው ራስ የሚመላለስበት ነው። ከዚህ የባሰው የመብራት መቋረጥ ነው። አንድ ጸሐፊ ረጅም ደብዳቤ እያስቀመጠች መብራት ሄደ እንበል። ዶስ በመጀመሪያ ጽሑፉን በባዶ ቦታዎች ላይ ያሰፍራል፤ ሠንጠረዡንም ያድሳል፤ የፋይሉን መጠን በስም ዝርዝሩ ላይ የሚሞላው ግን ፋይሉ ሲዘጋ ነው። መብራቱ በዚህ መካከል ከሄደ፣ ሲመለስ ስሙ አለ፣ መጠኑ ዜሮ ነው። ደብዳቤው ግን ከነነጥቡ ዲስኬቱ ላይ አለ፤ ባለቤት ብቻ አጣ። ቼክዲስክ የሚባለው ትእዛዝ እንዲያርም ሲፈቀድለት፣ እንዲህ ያለውን ባለቤት አልባ ሰንሰለት ሰብስቦ መጨረሻው ሲኤችኬ የሆነ ፋይል ያደርገዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ወይ እንደገና ይተይባል፣ ወይ ዲስኬቱን ፎርማት ያደርገዋል። በዲስኬት ላይ ሙሉ ፎርማት ማድረግ ደግሞ እያንዳንዱን ሴክተር እንደ አዲስ መጻፍ ነው፤ እስከዚያች ሰዓት ደኅና የነበረው ጽሑፍ የሚጠፋው ያኔ ነው። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህ ሁሉ «የቫይረስ ሥራ» ተብሎ ስንት ጊዜ እንደታለፈ መገመት አይከብድም።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ራሱ ተጠያቂ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ክርክሩም ተራ አይደለም። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ራስ ሳህኑን አይነካውም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጠር ስስ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ዝቅ ይላል፣ ሳህኑንም ሊነካ ይችላል። አምራቾች በተለምዶ የሚያስቀምጡት ገደብ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሰባት አሥረኛ ያህል ነው። ቢሆንም ገደቡን አላለፈችም፤ አንኮበርም ከዚያ ዝቅ ትላለች። የመንዟ መሐል ሜዳ ግን ከ3,100 ሜትር በላይ ናትና፣ እዚያ ለሠራ ሃርድ ዲስክ ክሱ ሊቆም ይችላል። ዲስኬትን በዚህ መክሰስ ግን አይቻልም፤ በእሱ ላይ ራሱ ገላውን ነክቶ ነው የሚያነበው፣ የአየሩ መሳሳት አያገባውም። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይሻላል ለክስ፤ ከቀዘቀዘ መጋዘን ወጥቶ ወዲያው ሙቅ ክፍል የገባ ዲስኬት ላቦት ያወጣል፣ እርጥቡን ገላ ማስነበብም ይፍቀዋል። ይህም ቢሆን ዲስኬቱ ክፍሉን እስኪለምድ በመጠበቅ የሚቀር ነው።

«ሠላሳ ዓመት የሞላው ዲስኬት ከእንግዲህ ምን ይነበባል?» የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ይሰማል። እውነት ነው፣ የሻገተና ዱቄቱ የተነሣ አለ። ነገር ግን አንዱ ድራይቭ እምቢ ያለውን ሌላው የሚያነበው ብዙ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ ድራይቭ ራሱ ከመስመሩ ትንሽ ዘንበል ብሎ ከነበረ ዲስኬቱን የሚረዳው እንደሱ የዘነበለ ብቻ ነውና። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የ1980ዎቹን ዲስኬቶች የሚያድኑ ሰዎች ደንብም ቀላል ነው። መጀመሪያ የመጻፊያውን መከልከያ አድርግ፤ ከዚያ ዲስኬቱን ከዜሮ ትራክ እስከ መጨረሻው እንዳለ ገልብጥ፤ ጥገናውን በግልባጩ ላይ ሥራ። ቼክዲስክን በዋናው ላይ ማስኬድ በተበታተነ መጽሐፍ ላይ የጥራዝ ቁጥር ፍቆ አዲስ እንደ መጻፍ ነው፤ ትክክል ከሆነ ደግ፣ ካልሆነ መመለሻ የለውም።

በእኛ ላይ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም፣ በ345 ምልክቶች ነው። ከዚያ በፊት አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ስላለው፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ፊደላቱን በራሱ መንገድ፣ አንዳንዴም በሁለትና ሦስት ፎንት ከፋፍሎ ያስቀምጥ ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። ስለዚህ ሴክተሩም ማውጫውም ደኅና ሆኖ ፋይሉ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሊወጣ ይችላል፤ ይህን ያየ ሰውም «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። ያልተበላሸ ነገር ተበላሸ ተብሎ ሲጣል ከማየት የሚያናድድ የለም።

ወረቀቱ አለ፣ ዲስኬቱ ምን ያደርጋል ለሚልም መልስ አለ። ለአፍሪካ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ኢልካ ደብረ ብርሃን ላይ ጣቢያ ነበረው፤ የመንዝ በግም ጥናት ተደርጎበታል። እንዲህ ያለ ጥናት ሲታተም አንባቢ የሚያገኘው አማካዩን ነው፤ የእያንዳንዱ በግ የየወሩ ክብደት የሚቀረው በመዝገብ ወይም በፋይል ነው። ደግሞም ሳይጠፋ መገልበጥ ለዚህ አካባቢ አዲስ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ካለው የብራና ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር፣ ከሸዋ አድባራት ጭምር ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንስቷል። ያኔ ማንም መጽሐፉን ከማንሣቱ በፊት «መጀመሪያ እንጠግነው» አላለም።

በመሥሪያ ቤት መጋዘን፣ በትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ወይም በሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት የዲስኬት ካርቶን ያላችሁ፣ ንብረት ሲወገድ ከአሮጌ ወንበር ጋር አትደምሩት። መከልከያውን አድርጉበት፤ በየትኛው የግዕዝ ሶፍትዌር እንደተጻፈ የሚያስታውስ ሠራተኛ ካለ ጠይቃችሁ በመለያው ላይ ጻፉት፤ ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ፎርማት ግን አታድርጉት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የሚሠራ አንድ አሮጌ ድራይቭና አንድ ትጉህ ተማሪ መድቦ ግልበጣውን ቢጀምር፣ ለአንድ ዲስኬት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።