ስሟን ትታ የሄደች ከተማ

የጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን ናት። በሕግ ይህን ስም የያዘው የአስተዳደር ክልል፣ በአገሬው አጠራር ፓሪሽ፣ ግን ስፋቱ 22 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በውስጡ የተገኘው ሰው 89,057 ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት፣ በ1960፣ እዚያው ክልል ውስጥ ከ120,000 በላይ ሰው ይኖር ነበር። በአንጻሩ ከሰሜን በኩል የሚያዋስነው የሴንት አንድሩ ፓሪሽ በ2011 573,369 ነዋሪ ተቆጥሮበታል፤ በወደቡ ማዶ ያለችው ፖርትሞርም 182,000 አልፋለች። የደሴቲቱ ሕዝብ በጠቅላላው 2.7 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር፣ ከሦስት ጃማይካውያን አንዱ የሚኖረው በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ጥያቄው መሃሉ እየሳሳ ዳር ዳሩ ለምን ወፈረ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የመልክዓ ምድሩ አቀማመጥና የተፈጥሮ አደጋ ነው። እኔ ግን የታላቋን ኪንግስተን ቅርጽ ያወጣው ከሁሉ በላይ የመሬት ባለቤትነት ነው እላለሁ።

በእርግጥ ተፈጥሮ ለዚህች ቦታ አልነፈገቻትም። የሊጓኒያ ሜዳ ከብሉ ማውንቴን ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ ወደ ባሕሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከፊቱ ፓሊሳዶስ የሚባለው ረጅምና ቀጭን የአሸዋ ምድር ወደ ባሕሩ ተዘርግቶ ማዕበሉን ያግዳል፤ ከጀርባው ያለው ጸጥ ያለ ውሃ በዓለም ካሉት ታላላቅ የተፈጥሮ ወደቦች ጋር ይቆጠራል። ሆኖም ከ1509 ጀምሮ እስከ 1655 ደሴቲቱን የያዙት ስፔኖች ይህ ሁሉ በእጃቸው እያለ ዋና ከተማቸውን ከባሕሩ ራቅ አድርገው፣ ዛሬ ስፓኒሽ ታውን በምትባለው ቦታ ቆረቆሩ። ወደቡ ብቻውን ከተማ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ አንድ ምዕተ ዓመት ተኩል ያህል ባልጠበቀ ነበር። እንግሊዞች ሲመጡ ደግሞ ከሜዳው ይልቅ የመረጡት የአሸዋውን ጫፍ ነው። በዚያ ላይ የበቀለችው ፖርት ሮያል በባሕር ዘራፊና በነጋዴ ገንዘብ በልጽጋ 6,500 ያህል ሰው አጭቃ ትኖር ነበር። ጁን 7 ቀን 1692 ከቀትር በፊት የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ ከከተማይቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ባሕር ውስጥ ሰመጠ። በኋላ ጠላቂዎች ከባሕሩ ወለል ያወጡት የኪስ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ43 ላይ ቆሞ ተገኝቷል። በዕለቱ 2,000 ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ በኋላ በተነሣው በሽታም ብዙ ሰው ሞተ።

የተረፉት ወደቡን ተሻግረው በሜዳው ዳርቻ፣ የአሳማ በረት በነበረበት ቦታ ሰፈሩ። ኪንግስተን የተወለደችው እንዲህ ነው። የመሬቱ ነገር ግን ገና ከመነሻው ይታያል፤ ቦታው ባለቤት ነበረው። ለአዲሲቱ ከተማ 200 ኤከር የተገዛው ከዊልያም ቢስተን ሲሆን፣ እኚህ ሰው ብዙም ሳይቆዩ የደሴቲቱ ገዥ ሆነዋል። ቀያሹ ጆን ጎፍ መንገዶቹን እንደ ገበጣ ሠንጠረዥ ቀጥ አድርጎ አሰመረ፤ በመሃላቸውም ፓሬድ የሚባለውን አደባባይ ተወ። በ1703 ፖርት ሮያል ደግሞ በእሳት ስትጋይ የቀረውም ነጋዴ ተሻገረ። መንግሥቱ ግን ነጋዴውን ለመከተል አልቸኮለም። በ1755 ወደ ኪንግስተን ተዛውሮ በ1758 ተመለሰ፤ ስፓኒሽ ታውን ለመጨረሻ ጊዜ ዋና ከተማነቷን ያጣችው በ1872 ነው።

ከቀያሹ መስመር በላይ ያለው ሜዳ በሸንኮራ እርሻዎች የተያዘ ነበር። የዛሬዎቹ ሰፈሮች ሆፕ፣ ሞና፣ ፓፒን፣ ኮንስታንት ስፕሪንግ ሲባሉ የምንሰማው የእነዚያን በባሪያ ጉልበት የሚታረሱ ርስቶች ስም ነው። ባርነት በ1838 ፈጽሞ ሲቀር ነፃ የወጣው ሕዝብ ነፃነቱን እንጂ መሬት አላገኘም፤ ጌቶቹ ግን ለባሪያዎቻቸው ካሳ ተከፍሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ በየት በኩል ትሰፋለች የሚለውን የወሰነው፣ የትኛው ባለርስት መሬቱን ለማን ይሸጣል የሚለው ነገር ነው። ገንዘብ ያለው ወደ ሰሜን፣ ነፋሻ ወደሆነው ከፍታ ወጣ። በቬንዙዌላ ወርቅ የበለጸገው ጥቁር ጃማይካዊ ጆርጅ ስቲብል ዛሬም የሚጎበኘውን ዴቨን ሃውስን በ1881 እዚያ አሠራ። በ1899 የኤሌክትሪክ ትራም መሥራት ሲጀምር ከቢሮ እስከ ቪላ ያለው መንገድ አጠረ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1907 የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት አሮጌውን ከተማ አፍርሰው ወደ 1,000 ሰው ሲገድሉ ሽሽቱ ባሰ። በ1923 ኪንግስተንና ሴንት አንድሩ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር መዋላቸው ከተማይቱ ከክልሏ ወጥታ መሄዷን በሕግ የተቀበለ እርምጃ ነበር።

ከገጠር መሬት አጥቶ የመጣው ድሃ ወደ ሰሜን መውጣት አይችልም። የቀረለት ምዕራቡ ነው፤ የመቃብር ስፍራው፣ የቆሻሻ መጣያውና ረግረጉ ያሉበት። የእኛ ታሪክ ከኪንግስተን ጋር በእውነት የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ባክ ኦ ዎል በሚባለው የጎስቋሎች ሰፈር ብዙ ራስ ተፈሪያውያን ይኖሩ ነበር፤ ከፊሎቹ ፒናክል የተባለው መንደራቸው በ1954 በፖሊስ ሲፈርስ የመጡ ናቸው። ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፓሊሳዶስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ፣ 100,000 ገደማ ይሆናል የተባለ ሕዝብ ሊቀበላቸው ወጥቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት፣ ባክ ኦ ዎል በቡልዶዘር ተጠረገ። በምትኩ የተሠራው ቲቮሊ ጋርደንስ ዘመናዊ መኖሪያ ነበር፤ ቤቶቹ የተሰጡት ግን በአመዛኙ ለገዥው ፓርቲ ደጋፊዎች ነው። ይህን የዘመኑ ታላቅ በደል አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

መሃል ከተማውን ባዶ ያደረገው የ1970ዎቹ የፖለቲካ ግድያ ነው እንጂ መሬት አይደለም የሚሉ አሉ። ግድያው እውነት ነው፤ በ1980 የምርጫ ዓመት ብቻ 800 ያህል ሰው ሞቷል። ግን የተጋደሉት ሰፈሮች የትኞቹ ነበሩ? ቤትና መሬት በፓርቲ የታደለባቸው ናቸው። ደግሞም ባንኩና ሆቴሉ ከዚያ ቀድመው፣ በ1960ዎቹ፣ የፈረስ መወዳደሪያ በነበረው ክኖትስፎርድ ፓርክ ላይ ኒው ኪንግስተንን መሥራት ጀምረው ነበር። ሕዝብ ከበዛ ከተማ መስፋቱ አይቀርም የሚለውም ክርክር አይጸናም፤ የሕዝብ ብዛት ብቻ ቢሆን ዳሩ ሲሰፋ መሃሉም በጠበበ እንጂ ባልሳሳ ነበር።

የአደጋውን ክርክር የምታፈርሰው ደግሞ ፖርትሞር ናት። ሰዉ የሸሸው መንቀጥቀጥንና ማዕበልን ቢሆን ኖሮ ወደዚያ የሚሄድ አይገኝም ነበር። ከባሕሩ ወለል ብዙም የማይበልጥ፣ በከፊል ተጠርጎና ተደልድሎ የተገኘ ረግረግ ነው። ነገር ግን ሰፊና ርካሽ ነበር፤ ባለቤቶቹም ጥቂት ነበሩ። በ1960ዎቹ ዌስት ኢንዲስ ሆም ኮንትራክተርስ የኮንክሪት ቤቶችን በብዛት ገጥሞ ማቆም ጀመረ፤ በ1969 ከኪንግስተን የሚያገናኘው ድልድይ ተከፈተ፤ መምህሩ፣ ነርሷና ጸሐፊዋም በሊጓኒያ ሜዳ የማይቀምሱትን ቤት እዚያ አገኙ። ከ2006 ጀምሮ በአዲሱ መሻገሪያ ወደ ሥራቸው ለመድረስ ይከፍላሉ። ፖርትሞር ዛሬ ስሙን ከያዘው ኪንግስተን ከእጥፍ በላይ ሕዝብ አላት። ከእርሷ ማዶ በወደቡ አፍ ላይ ያለችው ፖርት ሮያል ደግሞ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት።